ዱካ የማይዝ መሬት

የእኛን ፓርክ ሊጎበኝ የሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚገባው በሩ አጠገብ ወዳለችው አንዲት ክፍል ነው። እዚያ በመስታወት ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ የቀንድ አውጣ ቅርፊት አለ፤ ይህ በረሃ ድሮ ድሮ ሐይቅ ነበረ ይላል ከሥሩ ያለው ጽሑፍ። የሳላ ራስ ከነቀንዱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሳላ ውሃ ሳይጠጣ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ በሙቀት ጊዜ ወደ አንጎሉ የሚሄደውን ደም አፍንጫው ጋ እንዴት እንደሚያቀዘቅዝ በሥዕል ተብራርቷል። ሥዕሉ ያምራል፣ አልዋሽም። ስለ ሰው የሚያወራው ጥግ ግን ያለው አንድ የተሰነጠቀ የእንጨት ገንዳና አንድ መስመር ጽሑፍ ብቻ ነው፤ «በአካባቢው አልፎ አልፎ አርብቶ አደሮች ይዘዋወሩ ነበር» ይላል። አልፎ አልፎ! አርባ ሁለት ቤተሰብ በሦስት ቀን ተጭኖ ሲወጣ አንዱን የጭነት መኪና የነዳሁት እኔ ነኝ። አልፎ አልፎ የሚዘዋወር ሰው አልጋውንና የቤቱን በር ነቅሎ፣ የአባቱን የመቃብር ድንጋይ ደግሞ ጫኑልኝ ብሎ አይለምንም። ድንጋዩን አልጫንኩላቸውም፤ ክብደት ነው ተባልኩ።

ስለዚህ ክፍሏ ያልጻፈችውን እኔ ላውራ። ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ከእንግዲህ ማን ምን ያመጣብኛል። የማወራው ስለ ዳኛው ነው።

ዳኛው ዳኛ አይደለም፤ የፓርኩ ጥበቃ ነው፣ ዱካ አንባቢ። ቅጽል ስሙን ያወጡለት ባልደረቦቹ ናቸው፤ ለምን እንዳወጡለት እነግራችኋለሁ። በዚያ ሦስት ቀን ከጫንኳቸው ሕፃናት አንዱ ነበር፤ ያኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው፣ ከታላቅ እህቱ ጋር ፍራሽ ላይ ተቀምጦ ወደ ኋላ እያየ ነው የወጣው። ከበሩ ውጭ አንድ ሰዓት የሚያስኬድ ሜዳ ላይ የቆርቆሮ ቤት ሠርተው አሰፈሯቸው። ሲያድግ ያው ያስወጣው ፓርክ ቀጠረው። ምን ያድርግ? እዚያ አገር ሌላ ቀጣሪ የለም።

ሥራው እንዲህ ነው። እንስሳቱ የሚጠጡባቸው ኩሬዎች ዙሪያቸው አሸዋ ነው። ዳኛው አመሻሽ ላይ አሸዋውን በግራር ቅርንጫፍ ይጠርግና ልክ እንደተነጠፈ አንሶላ ያስተካክለዋል። ጠዋት ፀሐይ ገና ዝቅ ብላ ሳለች ተመልሶ ያነባል። ፀሐይ ከፍ ካለች ጥላ የለም፣ ጥላ ከሌለ ደግሞ ዱካ አይነበብም። ይቺ ሚዳቋ አርግዛለች፣ ይሄ ቀበሮ የኋላ እግሩን እሾህ ወግቶታል፣ ይሄኛው ሳላ ትናንት ከመንጋው ተባሯል ይላል፤ እውነትም ሆኖ ይገኛል። አንድ ቀን የእኔን ዱካ አየና «ጋሼ፣ ግራ ጉልበትህን ታየው» አለኝ። ምንም ሳያመኝ! ሟርተኛ ብዬ ሰደብኩት። በወሩ ጉልበቴ እንደ ቅል አበጠ። ፊደል ግን አይቆጥርም፤ የደመወዝ መዝገቡ ላይ የሚፈርመው በጣቱ ነው።

ዳኛው ያሰኘው ነገር የሆነው ከማወራላችሁ ነገር አራት ዓመት በፊት ነው። አንድ ሰው ሚዳቋ ገደለ። ዳኛው ዱካውን ሦስት ቀን ተከተለ፣ ሁለት ጣት የጎደለው የቀኝ እግር ነው። እየተከተለ እየተከተለ የራሱ መንደር ገባ፤ ከራሱ ቤት አጥር ለአጥር የሆነ፣ አብሮት ያደገ፣ የአራት ልጆች አባት ቤት በር ላይ ቆመ። ችሎት ቀርቦ መሰከረ። ዱካው የእሱ ነው አለ፣ ሌላ ቃል አልጨመረም። ሰውዬው ስድስት ዓመት ተፈረደበት። ሚስቱ ፓርኩ በር ድረስ መጥታ፣ ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቅም ብላው ሄደች። የዳኛው የገዛ እናት ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰላምታ ያለፈ አላነጋገረችውም። እሱ ግን ፍንክች አላለም። እኔ ራሴ፣ አንተ ሰው፣ አላየሁም ብትል ምን ነበረበት ብዬው ነበር። ዱካ አይዋሽም፣ እኔስ ለምን እዋሻለሁ ነበር መልሱ። ደረቅ ነበር፣ እውነቱን ልናገርና። አንዳንዴ ሳየው የማልወደው ጊዜ ነበር።

አንድ ሰው ብቻ ነበረች የምታስቀው፤ ያቺው ታላቅ እህቱ። ረዥም፣ ቀጭን፣ ግራ እግሯን ወደ ውስጥ አዙራ የምትራመድ ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከእናታቸው ጋር ትኖራለች። ዱካ ማንበብ ያስተማረችው እሷ ናት። ልጆች ሆነው ፍየል ሲጠብቁ እሷ ትደበቃለች፣ እሱ ዱካዋን አይቶ ይፈልጋታል፤ ካጣት ያለቅሳል፣ ስለሚያለቅስባት ደግሞ ሆን ብላ ቅጠል ትረግጥለት ነበር። ይህን ስታወራ እሱ እንደ ልጃገረድ ያፍራል። «ፓርኩ የሚከፍልህ ደመወዝ ግማሹ የኔ ነው» ትለዋለች።

አባታቸው ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር። በሳላዎቹ አገር መሃል፣ ደረቁ ወንዝ ዳር፣ አሥራ አራት ክንድ ቆፍሮ ውሃ አውጥቶ ነበር፤ እዚያው አጠገብም ነው የተቀበረው። ሰዎቹ ከወጡ በኋላ ፓርኩ ጉድጓዱ ላይ ፓምፕ ተከለ፣ ከፊቱ በሲሚንቶ ሰፊ ኩሬ ሠራ፣ ራቅ ብሎ ደግሞ ጎብኝዎች ተቀምጠው ሳላ የሚያዩባት ጎጆ ቆመች። ስሙ ኩሬ ቁጥር ሦስት ሆነ። ታቤላውን የተከለው ዳኛው ራሱ ነው። ምን ይላል ጋሼ ብሎ ጠየቀኝ። የተፈጥሮ ምንጭ ይላል አልኩት። የታቤላውን እግር አፈር ጠቅጥቆ ጨረሰ።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር። ዝናቡ ሁለት ዓመት ተከታትሎ ቀረ። ለመንደሩ በሳምንት አንድ ጊዜ ውሃ የምታመጣው ቦቴ መጀመሪያ በአሥራ አምስት ቀን ሆነች፣ በኋላ ጭራሽ ቀረች። ተበላሽታለች ተባለ፤ መለዋወጫ እየተጠበቀ ነው ተባለ። ኩሬዎቹ ግን ሞልተው ይፈሱ ነበር፣ ሳላ ከሌለ ጎብኚ የለማ! ከፓርኩ ውሃ ይዞ መውጣት ክልክል ነው፤ በሩ ላይ መኪናዬን ሳይቀር ይፈትሹ ነበር። ዳኛው አሥራ አምስት ቀን ፓርኩ ውስጥ ይሠራና ሦስት ቀን ቤቱ ያርፋል። ሲወጣ የሚፈቀድለት ለመንገድ የምትሆን አንዲት ኮዳ ናት።

በዚያው ሰሞን ሳላዎቹ ወደ ኩሬ ቁጥር ሦስት መምጣት አቆሙ። ከሩቅ አገር የመጡ ጎብኝዎች ጎጆዋ ውስጥ ሦስት ቀን ተቀምጠው ዝንብ ብቻ ቆጥረው ተመለሱ። ኃላፊያችን ጦፈ። ሳላ የሰው ጠረን ከሸተተው እንደማይጠጋ ያውቃል፤ ዳኛውን ጠርቶ የሚገባውን ሰው አምጣልኝ አለው። ሸፋፍኖ የሚያልፍ ጥበቃ ቢኖር ሥራውን ብቻ ሳይሆን ነፃነቱንም ያጣል ብሎ ጨመረ።

በማግስቱ ጠዋት ይዤው የሄድኩት እኔ ነኝ። ከመኪናው ወርዶ ኩሬውን ዞረ፣ ጎንበስ አለ፣ ከዚያ አሸዋው ላይ ቁጭ አለ። ዱካ ሲያይ ቁጭ ሲል አይቼው አላውቅም። ጠጋ አልኩ። እኔ ዱካ አንባቢ አይደለሁም፤ ግን ወደ ውስጥ የዞረ የግራ እግር ለማወቅ ምን ዳኛ ያስፈልጋል? ከደረቁ ወንዝ በኩል ነው የመጣው፣ ሲሄድ ተረከዙ ጠለቅ ያለ ነው፤ ሸክም አለው። ቀና ብሎ አየኝ። እኔም ወደ መኪናዬ ተመልሼ የማያስፈልገውን ጎማ ማየት ጀመርኩ። ዘወር ስል በቅርንጫፉ እየጠረገው ነበር።

ለኃላፊው መንገድ የሳተ መንገደኛ ነው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የገባው፣ አይመለስም አለው። ኃላፊው አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቀውም። የገዛ ጎረቤቱን አሳልፎ የሰጠ ሰው ይዋሻል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ለዕረፍት ሲወጣ እኔም ወደ ከተማ እሄድ ስለነበር ቤቱ አደረስኩት፤ ግባ አለኝ፣ ገባሁ። እህቱ በኩባያ ውሃ ሰጠችን። እሱ አንዴ ፉት አለና አስቀመጠው፤ የየትኛው ጉድጓድ እንደሆነ ምላሱ ነገረችው። እናትየው ጥግ ላይ አልጋዋ ላይ ናት፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል።

«እትዬ፣ ሁለተኛ እንዳትመጪ» አላት።

«እና እማዬን ምን ላጠጣት? ምራቄን?»

«ታስሪያለሽ እኮ። እኔም እባረራለሁ፤ ያኔ ውሃውም የለም፣ የምንበላውም የለም።»

«አባባ የቆፈረውን ሳላ ሲጠጣው አይታሰርም፣ ልጁ ስትጠጣው ትታሰራለች። ጥሩ ሕግ ነው» አለችና ሳቀች። ያቺ ሴት የማትስቅበት ነገር አልነበረም።

እናትየው ከአልጋዋ ሳትነሳ ተናገረች። «ለጎረቤታችን ያልዋሸው ዱካ ለእህትህ ሊዋሽ ነው?»

እሱ በጣቱ መሬቱ ላይ መስመር ማስመር ጀመረ። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቱ የተማረውን ነገር ገልብጦ እያሰበው ነበር፤ ሰው እንዴት ይገኛል ሳይሆን እንዴት አይገኝም። ከዚያ መንገዱን አወጣላት። ደረቁን ወንዝ ተይው አላት። ወንዙ ጥላ አለው፣ ግራር አለው፣ አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ነው የሚያስኬደው፣ ግን አሸዋ ነው፤ ጥበቃውም ጠዋትና ማታ ያልፍበታል። በጥቁሩ ድንጋይ በኩል ዙሪ። ጥቁሩ ድንጋይ ድሮ ተራራው ሲተፋው የረጋ ቅልጥ ድንጋይ ነው፤ ሣር የለበት፣ አፈር የለበት፣ ዝሆን ቢያልፍበት ዱካው አይታይም። በእሱ ሲሄዱ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ኩሬው ዘንድ የምትሆኚበትን ሰዓት ደግሞ በስድስትና በዘጠኝ መሃል አድርጊው አላት፤ በዚያ ሙቀት ጥበቃው ሁሉ ጥላ ውስጥ ነው፣ ጎብኝም የለም፣ ሳላዎቹም ከግራር ሥር አይነሱም። ኩሬው ዘንድ ስትደርሺ በሲሚንቶው ጠርዝ ላይ ብቻ እርገጪ። እግርሽን ጠቅልዪ፣ የጫማ ጭረት እንኳ እንዳይቀር።

መጠቅለያውን የሰፋላት እሱ ነው፤ በወስፌና በሲባጎ፣ ሁለት ድርብ አድርጎ። ሸራውን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ከመኪናዬ የዕቃ መሸፈኛ ላይ በገዛ ቢላዬ ቆርጬ። እንዳይጎዳት ወፍራሙን መረጥኩ። ስትሞክረው «እንደ ግመል እግር ሆንኩ» ብላ ቤቱን ሁለት ጊዜ ዞረችበት። ሁላችንም ሳቅን። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚሉት ይሄንኑ መሰለኝ።

ሠራ። ሁለት ወር ሙሉ ሠራ። ሳላዎቹም ተመለሱ፤ በቀትር የሚመጣ ጠረን እስኪመሽ በነፋሱ ተጠርጎ ይጠፋል መሰለኝ። ዳኛው ጠዋት ጠዋት ኩሬ ቁጥር ሦስትን ይዞርና ምንም ሳያይ ይመለሳል። በሕይወቱ ምንም ባለማየት የተደሰተ ያኔ ብቻ ነው። ፍም ላይ ሻይ ጥዶ እያንጎራጎረ ሲጠብቀኝ፣ እንዴት ነው ብዬ በቅንድቤ እጠይቀዋለሁ። «ንጹሕ ነው ጋሼ» ይለኛል። ሻያችንን እንጠጣለን። ኃላፊው እንኳ አመስግኖት ነበር፤ ሥራ ማለት እንዲህ ነው ብሎ በሰው ፊት።

ከዚያ ያቺ ሳምንት መጣች። ወፎች አፋቸውን ከፍተው የመኪናዬ ጥላ ሥር የሚቆሙባት ዓይነት ሳምንት። የበሩን እጀታ ባዶ እጄን መንካት አልቻልኩም። ዳኛው በፈረቃው ላይ ነበር፤ ሰኞ ንጹሕ ነው አለኝ፣ ማክሰኞ ንጹሕ ነው አለኝ፣ ረቡዕም፣ ሐሙስም። ሐሙስ ከሰዓት ፈረቃውን ጨርሶ ወደ ቤቱ ሄደ።

ቤት ሲገባ እናቱን ውሃ እያጠጣች ያገኘው ያቺ ባሏን ያሳሰረባት ጎረቤት ናት። ከራሷ ልጆች ቀንሳ ነው። እህትህ ከወጣች አራት ቀኗ ነው አለችው። ጎረቤቷ ራሷ ማክሰኞ ዕለት ፓርኩ በር ድረስ ሄዳ ዳኛውን ጥሩልኝ ብላ ለምና ነበር። ለምን እንደፈለገችው መናገር አልቻለችም፤ ከተናገረች እህትየዋ ትያዛለች። በረኞቹ ደግሞ የምታውቋት ተራጋሚ መጣች ብለው ተሳሳቁባትና መለሷት።

የአንድ ሰዓቱን መንገድ በሩጫ ነው የመጣው። ቢሮ ሲገባ እዚያው ነበርኩ፣ የነዳጅ ወረቀት አስፈርም ነበር። ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ሰው ጠፍቷል፣ መኪናና ሰው ስጡኝ አለ። ኃላፊው ዱካ አለ ወይ ብሎ ጠየቀው። የለም አለ። ዱካ ከሌለ ታዲያ እዚያ መሆኑን በምን አወቅህ አለው። ኃላፊው ክፉ ለመሆን ብሎ አልነበረም የጠየቀው፤ ደህና ጥያቄ ነበር።

«መንገዱን ያሳየኋት እኔ ነኝ» አለ ዳኛው። «እህቴ ናት። እግሯን በሸራ ጠቅልዬ ዱካ እንዳይኖራት ያደረግኋት እኔ ነኝ።»

ክፋቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኃላፊው ወንበር ስቦ አስቀመጠውና ቃሉን በጽሑፍ ይስጥ አለ። ሰው እየሞተ ነው አልኩ። አንተም ብትሆን የመኪናህ ሸራ ለምን እንደተቆረጠ ትጠየቃለህ አለኝ፤ አፌን ያዝኩ። አዎ፣ ያዝኩ። ልጅ አስተምር ነበር፣ ጡረታዬ ሁለት ዓመት ቀርቶት ነበር። ጸሐፊዋ ወጥታ ነበርና እስክትመጣ ተጠበቀ፣ ሦስት ቅጂ ተጻፈ፣ ተነበበለት፣ በጣቱ ፈረመ። ከዚያ መኪናዋ ለጎብኝዎች ተይዛለች፣ ነገ ጠዋት ይሰጥሃል ተባለ። ዳኛው ነገን አልጠበቀም። ኮዳውን ይዞ በእግሩ ወጣ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ መኪናዋን ይዤ ጥቁሩ ድንጋይ ዳር ደረስኩ። ከሩቅ ድምፁን ሰማሁ። ዳኛው ሲጮህ ነበር። ሃያ ዓመት ሰው ሲፈልግ አይቼዋለሁ፣ አንድም ቀን ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፤ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል፣ መሬቱ ይነግረዋል። አሁን መሬቱ አልነግር ብሎት እንደ ማንኛችንም ስሟን እየጠራ ይዞራል። ድምፁ አልቆ ነበር። ጫማው ተቀዳዷል። ሲያየኝ «ምንም የለም ጋሼ፣ አንድም ነገር የለም፣ በደንብ ነው ያስተማርኳት» አለኝ። ይህን ሲለኝ የምገባበት ጠፋኝ።

የውሃ ጀሪካኗን ያየሁት እኔ ነኝ። በጥቁር ላይ ቢጫ ነገር ከሩቅ ይታያል። ከጎኑ በድንጋዩ መሃል የሰው እግር የምታህል ስንጥቅ አለች። እህቱ ግን የለችም። ዳኛው ተንበረከከና ማንበብ ጀመረ። ስንጥቁ ጫፍ ላይ የደም ምልክት፤ እግሯ እዚህ ገብቶ ተሰብሯል። ኩሬውን ደርሳ ስትመለስ ነው፣ ሰኞ። የእግሯ መጠቅለያ ሁለቱም ወልቀው፣ በሥርዓት ታጥፈው፣ ነፋስ እንዳይወስዳቸው ድንጋይ ተጭኖባቸዋል። ለሌላ ጊዜ ያስፈልጉኛል ብላ ይሆናል፣ ወይም ሸራው የእኔ ስለሆነ ልመልስለት ብላ። ጀሪካኑን አነሳና ወዘወዘው። ገና ከግማሽ በላይ ውሃ ነበረው።

ያኔ አልገባኝም። ውሃ እያላት ምን ፍለጋ ትታው ሄደች?

በድንጋዩ ላይ የደም ነጠብጣብ አለ፣ እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ። ሰውነቷን የጎተተችበት ቦታ የደረቀው ደም ተለቅልቋል። እሱ ተከተለው፣ እኔ ከኋላው። የሚሄደው ወደ መንደሩ አልነበረም። ወደ መኪና መንገዱም አልነበረም። ሦስት ቦታ አርፋለች፤ ሁለት ቀን ሳትቆይ አልቀረችም አለኝ። ሰኞና ማክሰኞ ማለት ነው። ንጹሕ ነው ሲለኝ የነበረባቸው ቀኖች።

ያገኘናት ጥቁሩ ድንጋይ ሊያልቅ ሲል ነው። ከፊቷ ቁልቁል ደረቁ ወንዝ ይታያል፤ አሸዋው፣ ግራሮቹ፣ የጥበቃው የጠዋት መንገድ። አርባ እርምጃ ቢቀራት ነው። በሆዷ ተኝታ እጇን ወደፊት ዘርግታለች። ባዶ እግሯን ነበረች።

ዳኛው አጠገቧ ቁጭ አለ፤ ያኔ ኩሬው ዳር እንደተቀመጠው።

«ወደ አሸዋው ነበር የምትሄደው ጋሼ» አለኝ። «ዱካ ልትተውልኝ።»

ወንድ ልጅ ሲያለቅስ ዞር ማለት ነው የተማርነው። እኔ ግን አልዞርኩም፤ አብሬው አለቀስኩ። ውሃው ጋ ብትቆይ ኖሮ እስከ ዓርብ ትደርስ ነበር ይሆናል፤ ይሄንን እሱም ያውቀዋል፣ እኔም አውቀዋለሁ፣ ተነጋግረንበት አናውቅም። እንደ ልጅነቱ ካጣት እንደሚያለቅስ አስባ ቅጠል ልትረግጥለት ነበር የሄደችው። መሬቱን የመረጥንላት እኛ ነን። ዱካ የማይዝ መሬት ዛፍ አያበቅል፣ ጥላ የለው፤ ይህን የሚያውቅ ሰው እንዴት ያን መንገድ ይመርጣል? ስለ ዱካ ብቻ የሚያስብ ሰው ይመርጠዋል።

አባቷ ጎን ትቀበር ብሎ ለመነ። ኃላፊው አስከሬን ፓርኩ ውስጥ አይቀበርም አለ፤ ደንብ ነው፣ ጽሑፉን አውጥቶ ማንበብ ለማይችል ሰው አሳየው። ከአጥሩ ውጭ፣ ከቆርቆሮ ቤቶቹ ጀርባ ቀበርናት። ለሐዘኑ ሲባል አይከሰስም፣ ከሥራ ብቻ ይሰናበታል ተባለ፤ ኃላፊው ይህን እንደ ውለታ ነው የነገረው። የእኔን ስም ዳኛው አልጠራም። ሸራውን ከቆሻሻ መጣያ ነው ያገኘሁት ብሎ ፈርሟል፤ በሕይወቱ ሁለተኛው ውሸት ነው። በሳምንቱ ቦቴዋ መጣች። መለዋወጫው ተገኘ ማለት ነው።

አሁን ከእናቱ ጋር ይኖራል። ባለፈው ልጠይቀው ሄጄ ከእነሱ ዘንድ አደርኩ። ጠዋት ስነሳ ውጭ የመጥረጊያ ድምፅ ሰማሁ። ከቤቱ ፊት ያለውን አሸዋ በግራር ቅርንጫፍ እየጠረገ ነበር፤ እንደ ድሮው፣ እንደ አንሶላ። የሚያነበው ነገር የለም፣ ማንም አልቀጠረውም፤ እጁ ለምዶበት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ሲጨርስ መደቡ ላይ ተቀመጠ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እናቱ በዱላ እየተደገፈች ከቤት ወጣች። በዳር በኩል የሚያልፍ መንገድ አለ፤ በዚያ አልሄደችም። በተጠረገው አሸዋ መሃል፣ እግሯን እየጎተተች፣ ቀስ ብላ አቋርጣ ፊቱ ቆመች።

«አንብብ» አለችው።

ከቀብሩ ወዲህ የምታናግረው ይቺን አንዲት ቃል ብቻ እንደሆነ ጎረቤቷ ነገረችኝ። በየቀኑ ጠዋት። እሱ አንገቱን ደፍቶ ይሰማታል፤ እሷም ጥቂት ቆማ ትመለሳለች። እሱ ከዚያ ይነሳና እናቱ የሄደችበትን ይጠርገዋል።